ተራ አስከባሪውን ማባረር መፍትሔ አይሆንም

በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር «ተራ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ቦታን ያመለክታል፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እንደምንለው ነው። ሁለተኛው ቅደም ተከተልን፣ ማለትም ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል የሚወስነውን ሥርዓት ያመለክታል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ጎን የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ስም የያዘ ሥፍራ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደየክፍለ ሀገሩ የሚነሡ አውቶቡሶች የሚሰለፉበት ቦታ ነው፤ ሾፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ተራውን የሚጠብቅበት ሥርዓትም ነው። ይህን ሥርዓት ቆሞ የሚያስፈጽመውን ሰው «ተራ አስከባሪ» እንለዋለን።

የዛሬው ጉዳዬ ከአውቶቡሶቹ ይልቅ በአካባቢው ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኙትን ቢሮዎች ይመለከታል። የጭነት ማመላለሻው፣ የጅምላ ነጋዴው፣ የመለዋወጫ መደብሩ፣ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል፣ ሦስትም አምስትም አሥርም ኮምፒውተሮችን በገመድ አያይዞ በአንድ የጋራ የመረጃ ቋት ይሠራል። በእንዲህ ዐይነት ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትዕይንት አለ። ደንበኛ በመስኮቱ ቆሟል፤ ሠራተኛው ፋይሉን ለመክፈት ይሞክራል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መልእክት ብቅ ይላል፤ መልእክቱ ሳይነበብ ይዘጋል፤ ከዚያም «ሲስተም የለም» ይባላል።

ቀጥሎ የሚደረገውም የታወቀ ነው። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ጠፍተው ይበራሉ። ይህ ካልሠራ ስሙ የማይታወቅ አንድ ትንሽ ፋይል ተፈልጎ ይሰረዛል። ይህም ካልሠራ ለሁሉም ሠራተኛ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል። በመጨረሻም አንዱ ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ ብቻውን መሥራት ይጀምራል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ሦስት ጉዳት ያስከትላል፤ መረጃ ያጠፋል፣ ንጹሕ ሰው ያስወነጅላል፣ ስሕተቱንም ሳይፈታ ለነገ ያሳድረዋል። መድኃኒቱ ከውጭ የሚገዛ መሣሪያ አይደለም። በሳይንስ ትምህርት የምናውቀው፣ ነገር ግን ከቤተ ሙከራው በር አልፎ እንዲወጣ ያላደረግነው የምርመራ ሥርዓት ነው። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ያ ትንሽ ፋይል ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ወንበር፣ ሁለት መስኮት

60 ወንበር ያለው አንድ አውቶቡስ ወደ ደሴ ሊነሣ ነው እንበል። ትኬቱ 60 ቅጠል ባለው ጥራዝ የሚቆረጥ ቢሆን፣ የ37ኛው ወንበር ቅጠል አንዴ ከተቀደደ ሁለተኛ ጊዜ ሊቀደድ አይችልም። ሻጩ ቢዘነጋ እንኳ ወረቀቱ ራሱ ይከለክለዋል። የፊዚክስ ተማሪዎች ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን መርሕ ታስታውሳላችሁ፤ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች ፍጹም አንድ በሆነ ሁኔታ ላይ አብረው ሊገኙ አይችሉም። ተፈጥሮ ይህን ሕግ ያለ ዘበኛ ታስከብራለች፤ የወረቀት ትኬቱም በመጠኑ እንዲሁ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ጥበቃ የለም። በፋይል ውስጥ ያለን ቁጥር ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሊያነቡት፣ ሁለቱም ሊለውጡት ይችላሉ። አንድ ደንበኛ በጭነት ቢሮው መዝገብ 4,000 ብር ተቀማጭ አለው እንበል። በአንደኛው መስኮት ያለው ሠራተኛ 4,000 የሚለውን አንብቦ ደንበኛው ዛሬ ያስገባውን 1,500 ብር ሊጨምር ነው። በዚያው ደቂቃ በሁለተኛው መስኮት ያለው ሠራተኛ ያንኑ 4,000 አንብቦ የጭነት ሒሳብ 1,000 ብር ሊቀንስ ነው። የመጀመሪያው 5,500 ብሎ ይመዘግባል። ሁለተኛው ከአፍታ በኋላ 3,000 ብሎ በላዩ ይጽፋል። ትክክለኛው ሒሳብ 4,500 ብር ነበር። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም በስሌት አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ደንበኛው ያስገባው 1,500 ብር ከመዝገቡ ጠፍቷል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ይህን ችግር ከያዘው ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የሆላንዱ ተወላጅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ነገር ሲጋሩ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ ስልት አሳየ። በ1970 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በተዛማጅ ሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ አቀረበ። ከእርሱ በኋላ ጂም ግሬይ አንድ የሥራ ክንውን ወይ ሙሉ በሙሉ መፈጸም ወይም ጭራሹን እንዳልተጀመረ መቆጠር እንዳለበት፣ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት እንደሌለበት በንድፈ ሐሳብም በተግባርም አሳይቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግን ሽልማት ተቀብሏል። የእነዚህ ሁሉ ሥራ ወደ አንድ ቀላል ቁም ነገር ይመለሳል፤ ተፈጥሮ ያላስከበረችውን ተራ በስምምነት የሚያስከብር አንድ አካል መኖር አለበት።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች የሚገኘው የመረጃ ቋት ማይክሮሶፍት አክሰስ በተባለው ፕሮግራም የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ በ1992 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዋጋው አነስተኛ በመሆኑና ያለ ባለሙያ ሊጀመር በመቻሉ ተስፋፍቷል። አንድ የአክሰስ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት መረጃ ይይዛል፤ በአምራቹ መግለጫ መሠረት እስከ 255 ሰው በአንድ ጊዜ ሊከፍተው ይችላል፤ በተግባር ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ቁጥር መንገዳገድ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሰው ፋይሉን ለጋራ ሥራ ሲከፍት ፕሮግራሙ በዚያው ፎልደር ውስጥ፣ በዚያው ስም፣ አንድ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። በቀድሞዎቹ የፕሮግራሙ ዝርያዎች የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኤልዲቢ» ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዝርያ ጀምሮ «ኤልኤሲሲዲቢ» ሆኗል። በውስጡ የከፈቱት ኮምፒውተሮችና የተጠቃሚዎች ስም ይጻፋል፤ የትኛው ክፍል በማን እንደተያዘም በእርሱ በኩል ይታወቃል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ፋይሉ ይሰረዛል። ይህ የቁልፍ ፋይል እንግዲህ የመረጃ ቋቱ ተራ አስከባሪ ነው። ከዚህ አንድ አስፈላጊ ነገር ይከተላል፤ ፋይሉን የሚጠቀም ሰው ሁሉ በፎልደሩ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ብቻ ሳይሆን አዲስ ፋይል መፍጠርና መሰረዝም መቻል አለበት። ተራ አስከባሪውን መቅጠር የማይችል ሰው ቀድሞ ከገባ ፋይሉ በጋራ መከፈቱ ይቀርና ለእርሱ ብቻ ይከፈታል፤ ከኋላው የመጡት ደጅ ይቀራሉ።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ዐይነቱ አሠራር ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር እንደ ሣጥን ሆኖ ከማገልገል በቀር ሥራ አይሠራም። ፍለጋውንም ጽሕፈቱንም የሚያከናውነው እያንዳንዱ የሠራተኛ ኮምፒውተር ነው። መረጃው 4,096 ባይት በሆኑ ገጾች ተከፋፍሎ በገመዱ ይመላለሳል። ቁልፉ በገጽ ደረጃ ሲያዝ፣ አንዱ ሠራተኛ የከበደን ሒሳብ ሲያርም በዚያው ገጽ ላይ የተጻፈው የአልማዝ ሒሳብም አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። ገጹ ተጽፎ ሳያልቅ ገመዱ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ ደግሞ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ መዝገብ ይቀራል። ፋይሉ «ተበላሸ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህን ነው። ለዋናው ኮምፒውተር የኃይል መጠባበቂያ ገዝተው፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ የሰኩ ቢሮዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ ዋናው ኮምፒውተር ይተርፋል፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን በሥራው መካከል ይቋረጣል።

የገመዱ ሥርዓት ራሱ በተራ ላይ የተመሠረተ ነው። ኢተርኔት የተባለው የኔትዎርክ ዘዴ በ1973 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በሮበርት ሜትካፍ ተጠነሰሰ። ስሙ የተወሰደው ብርሃንን ያስተላልፋል ተብሎ ይታመን ከነበረውና ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ሙከራ ሊገኝ ካልቻለው «ኢተር» ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ይነጋገራሉ፤ ከመናገር በፊት ያዳምጣሉ፤ ሁለት ድምፅ ከተጋጨ ሁለቱም ዝም ብለው የተለያየ ጊዜ ከጠበቁ በኋላ ይደግማሉ። በዕድር ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲናገሩ «አንተ ቅደም» እንደሚባባሉት ማለት ነው። የዛሬዎቹ ስዊቾች ግጭቱን በሌላ መንገድ አስቀርተውታል፤ የመደማመጥ መርሑ ግን ከገመዱ ወደ ፋይሉ፣ ከፋይሉ ወደ ሰው ድረስ ይዘልቃል።

የማለዳው ስሕተት

በአውቶቡስ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጭነት ቢሮ የኮምፒውተሮቹን ነገር የሚከታተል የቀድሞ ተማሪዬ ያጫወተኝ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቢሮው አምስት ኮምፒውተሮችና አንድ የጋራ የአክሰስ ፋይል አለው። በአንዳንድ ቀናት ጠዋት ከአምስቱ አራቱ ፋይሉን መክፈት አይችሉም። በሌሎች ቀናት ሁሉም ያለ ችግር ይሠራል። ከላይ የዘረዘርኳቸው አራቱም «መድኃኒቶች» በየተራ ተሞክረዋል፤ ከሙሉ ፈቃዱ በስተቀር፤ እርሱን ሥራ አስኪያጁ ስለ ሒሳቡ ፈርተው ከልክለዋል። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ እስከ ማታ በመሥራቱ ሁለት መዝገቦች ተፈጠሩ፤ በአንዱ የተመዘገበ ክፍያ በሌላው አልነበረም፤ ሒሳቡን የከፈለ ደንበኛም ዳግም ክፈል ተባለ።

በቢሮው ውስጥ አንድ ነገር ይወራ ነበር። ችግሩ የሚመጣው አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቀድማ በገባችበት ቀን ነው ይባላል። ቤቷ ከከተማው ዳር በመሆኑ የታክሲ ሰልፉን ለመቅደም ማልዳ የምትመጣባቸው ቀናት ነበሩ። አንዳንዱ ኮምፒውተሯ ቫይረስ አለበት አለ፤ ኮምፒውተሩ ተለወጠላት፤ ችግሩ አልቆመም። ሌላው እንደ ዋዛ «ገደ ቢስ ናት» አለ። ከሥራ ስለ ማሰናበት ማውራትም ተጀምሮ ነበር።

ተማሪዬ የመጀመሪያ ሥራው ደብተር መግዛት ሆነ። ለስምንት የሥራ ቀናት ማን በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ኮምፒውተር ቀድሞ እንደከፈተ፣ ምን መልእክት እንደወጣ፣ ቃል በቃል መዘገበ። የቢሮውን ወሬ አልናቀውም፤ አልተቀበለውምም፤ መዘነው። ደብተሩ ወሬው በከፊል እውነት መሆኑን አሳየ፤ ስሕተቱ በተከሠተባቸው ቀናት ሁሉ ቀድማ የከፈተችው እርሷ ነበረች። መልእክቱም ሲነበብ ቁጥሩ 3051 ሲሆን፣ ፋይሉ በሌላ ሰው ለብቻ ተይዟል፣ ወይም ደግሞ ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ነበር።

ከዚያ ሁለት ሙከራ አደረገ። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛዋ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በራሷ የተጠቃሚ ስም ቀድማ እንድትከፍት አደረገ፤ ስሕተቱ ተከተላት። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ስም ቀድሞ እንዲከፍት አደረገ፤ ሁሉም ሠራ። ስለዚህ ኮምፒውተሩም ገመዱም ነጻ ወጡ፤ ጥፋቱ በተጠቃሚ ስሟ ላይ ነበር። የፎልደሩን ፈቃድ ሲመለከት፣ በስሟ የተሰጠው ፈቃድ ያሉትን ፋይሎች ለማንበብና ለማረም ይፈቅዳል፤ አዲስ ፋይል መፍጠር ግን ይከለክላል። ከረጅም ጊዜ በፊት አንድ ሰው ዘፈንና ፎቶግራፍ ወደ ጋራው ፎልደር እንዳታስገባ ብሎ ያደረገው ኖሯል። ሌላ ሰው ቀድሞ ከከፈተ የቁልፍ ፋይሉ አስቀድሞ ስለሚኖር እርሷም በሰላም ትገባለች። እርሷ ከቀደመች ግን ቁልፉን መፍጠር ስለማትችል ፋይሉ ለብቻዋ ይከፈታል፤ ለእርሷ ምንም ስሕተት አይታያትም፤ የሚቸገሩት ሌሎቹ ናቸው።

ፈቃዱን ማስተካከል አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ልብ ልትሉት የሚገባው ግን የቢሮው ሰዎች ዝምድናውን በትክክል ማየታቸውን ነው። እርሷ ቀድማ መግባቷና ስሕተቱ በእርግጥ አብረው ይሄዱ ነበር። የተሳሳቱት ከዝምድና ወደ ምክንያት ሲዘሉ ነው። በመካከሉ መደረግ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየዋን ከኮምፒውተሩ ነጥሎ መፈተን። ያ ስላልተደረገ አንዲት ሠራተኛ እንጀራዋን ልታጣ ነበር።

ስሕተቱ ማንን ይከተላል?

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም ቢሮ የሚበጅ አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ስሕተቱ ማንን ይከተላል? ሰውየው ኮምፒውተር ሲለውጥ አብሮት ከሄደ ነገሩ የፈቃድ ነው። ሰው ቢለወጥም ከአንድ ጠረጴዛ ካልተነቀነቀ ገመዱን፣ መሰኪያውን ወይም ያንኑ ኮምፒውተር መርምሩ። ሰውንም ቦታንም ሳይመርጥ ዘግይቶ የመጣውን ብቻ የሚመልስ ከሆነ ቁጥር ቁጠሩ፤ ፋይሉ በተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ የሚያስተናግደው ግንኙነት የተወሰነ ነውና። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ከ10 በላይ አይቀበልም ነበር፤ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ያሉት የሠራተኛ ኮምፒውተር ዝርያዎች ወሰናቸው 20 ነው። ሰዓትን የሚከተል ከሆነ ደግሞ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚበራና ምን እንደሚጠፋ ተመልከቱ።

መንገዱን ለማሳጠር የሒሳብ ትምህርት ይረዳል። ከሠራተኛው እስከ መዝገቡ ያለውን ሰንሰለት በስምንት እንክፈለው፤ ኃይል፣ ገመድና ስዊች፣ የኔትዎርክ አድራሻ፣ የዋናው ኮምፒውተር ስም፣ የፎልደሩ ፈቃድ፣ የፋይሉ ጤንነት፣ ቁልፉ፣ መጨረሻም ራሱ መዝገቡ። አንድ በአንድ ከመፈተሽ በመካከል መጠየቅ ይሻላል። የዋናው ኮምፒውተር የጋራ ፎልደሮች በስክሪኑ ላይ ይታያሉ? ከታዩ የመጀመሪያዎቹ አራት ነጻ ናቸው፤ ካልታዩ የኋለኞቹን አራት ለጊዜው ተዉአቸው። የቀሩትን አራት እንደገና ለሁለት ክፈሉ። 2 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 8 ስለሚሆን፣ ጥፋቱ አንድ ከሆነ ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

መልእክቱን ማንበብም ግማሽ ምርመራ ነው። 3043 የዲስክ ወይም የኔትዎርክ ችግርን ያመለክታል። 3260 መዝገቡን የያዘውን ተጠቃሚና ኮምፒውተር በስም ይነግራል። 3343 ፕሮግራሙ የፋይሉን አሠራር ሊያውቀው እንዳልቻለ ይገልጻል፤ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም በአዲስ ዝርያ ተሠርቶ በአሮጌ እየተከፈተ ነው። እነዚህን ቁጥሮች መሸምደድ አያስፈልግም፤ ከመዝጋት በፊት ወረቀት ላይ መገልበጥ ግን ግድ ነው። ሰዓቱንም ስትጽፉ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ፤ ኮምፒውተሩ 7:40 ሲል የግድግዳው ሰዓት 1:40 ነውና፣ በኋላ ሁለቱን መዝገብ የሚያስተያይ ሰው ስድስት ሰዓት የሚያህል ገደል ውስጥ እንዳይወድቅ።

«ደንበኛ ቆሟል»

የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ያ ተማሪዬ ደብተሩን ይዞ ሲዞር ሥራ አስኪያጁ «አንተ ልጅ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ፍልስፍናውን ተወውና አስነሣልኝ!» ብለውት ነበር። ቁጣው ተገቢ ነው። ቢሮ ቤተ ሙከራ አይደለም፤ የቆመው ደንበኛ ጭነቱን ለማታው መኪና ማድረስ አለበት። አጥፍቶ ማብራትም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲዘጋ የተያዙት ቁልፎች ሁሉ ይለቀቃሉ፤ ለብቻው ይዞ የነበረውም ይወጣል። ነገር ግን ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። ማን ይዞት እንደነበር የሚናገረው የቁልፍ ፋይል ከስሙ ዝርዝር ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የምጠይቀው ማጥፋቱ እንዲቀር አይደለም፤ ከማጥፋት በፊት ሁለት ደቂቃ ለእርሳስና ለወረቀት እንዲሰጥ ነው።

ሌሎቹን «መድኃኒቶች» ግን በዚያው ልክ ልደግፋቸው አልችልም። ሰዎች እየሠሩ ሳለ ቁልፉን ከመንገድ ለማውጣት መታገል ሰልፉ ሳያልቅ ተራ አስከባሪውን ማባረር ነው። ማንም ሳይኖር ተረስቶ የቀረ ቁልፍ ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይጠቀምበታል። ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ መስጠት የማለዳውን ስሕተት ያስወግድ ነበር፤ ይሁን እንጂ የፎልደሩን ፈቃድ እስከ መለወጥና ሌላውን እስከ መከልከል የሚያደርስ ሥልጣን ለሁሉም ያድላል፤ የሚያስፈልገው ማንበብ፣ መጻፍ፣ መፍጠርና መሰረዝ ብቻ ነው። ፋይሉን ገልብጦ ለብቻ መሥራት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዱን እውነት ሁለት ያደርገዋልና። የመጠባበቂያ ቅጂ በየማታው ይወሰድ፤ ለጥንቃቄ ይቀመጥ፤ የዕለት ሥራ ግን አይሠራበት። ጥገና ከመጀመሩ በፊትም ሁሉም ሰው ከፋይሉ ይውጣ፣ ቅጂም ይወሰድ።

«ይህ ሁሉ የአክሰስ ጣጣ ነው፤ ዘመናዊ ሰርቨር ይገዛ» የሚሉም አሉ። ቢሮው ካደገ እውነታቸውን ነው። እንደ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስኪውኤል ባሉ የመረጃ ቋቶች መዝገቡን የሚነካው አንድ ሰርቨር ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ሠራተኛ ገመድ ቢነቀል ግማሽ የተጻፈ ገጽ አይቀርም፤ ተራ አስከባሪውም በየጠረጴዛው መሆኑ ቀርቶ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ሆኖም ሁለት መስኮትና አንድ ወንበር እዚያም ይጠብቃሉ። የረጅም ርቀት ጉዞ ትኬት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ መቁረጥ በተጀመረበት በዚህ ዘመን፣ 37ኛውን ወንበር ለሁለት ተሳፋሪ ላለመሸጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ወደ ሰርቨሩ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። የተዛወረውን ስሕተት ባልተለወጠ ልማድ የምንቀበለው ከሆነ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከአምስት ኮምፒውተር ቢሮ ወደ አገር አቀፍ አገልግሎት አድጎ ይጠብቀናል።

ለተማሪዎችና ለመምህራን

በየትምህርት ቤቱ የምናካሂዳቸው ሙከራዎች መልሳቸው የታወቀ ነው። ተማሪው የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.8 ገደማ መሆኑን አውቆ ይገባል፤ 9.8 አግኝቶ ይወጣል፤ ካላገኘም ቁጥሩን አስተካክሎ ይጽፋል። በእንዲህ ዐይነት ትምህርት የመለካት ጥበብ ይገኝ ይሆናል፤ የማይሠራን ነገር የመመርመር ጥበብ ግን አይገኝም። ሲመረቅ የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃም በዩኒቨርሲቲም ቢያንስ በየወሰነ ትምህርቱ አንድ «የጥፋት ፍለጋ» ሙከራ እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መምህሩ በኤሌክትሪክ ዑደቱ ውስጥ አንዱን ሽቦ ከውስጥ ቆርጦ ይስጥ። ኮምፒውተር ባለበት ሁለቱን አገናኝቶ፣ አንድ የጋራ ፎልደር ከፍቶ፣ አንዱን ፈቃድ ያንሣ። ተማሪዎቹ ጥፋቱን በማግኘታቸው ብቻ ሳይሆን ባስቀመጡት መዝገብ ይመዘኑ፤ ምን ጠረጠሩ፣ ምን ለወጡ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ለወጡ፣ ምን ነጻ አወጡ? ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ መፍትሔ ያገኘ ተማሪ ከሙሉ ነጥብ እንዲቀነስበት እመክራለሁ፤ የትኛው እንደሠራ አያውቅምና።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። በቢሮዎቻችን በሽታው የሚደበቀው በክፋት አይደለም፤ በችኮላ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ ወላጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ በሚሠሩበት ቢሮ «ሲስተም የለም» ሲባል ብትሰሙ፣ ከማንም በፊት መልእክቱን አንብቡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀድሞ የከፈተው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የምትጠይቁትም ሰውየውን ለመክሰስ አይሁን። ደብተራችሁ አንዱን ሰው ከሐሜት ካዳነ የፊዚክስ ትምህርታችሁ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።